ሐኪም ያልጠየቀውን መናገር ይገባልን?



ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር፥ በዋሺንግተን ከተማ አካባቢ ካሉት አጥቢያዎች በአንዲቱ ለጥቂት ወራት ሳገለግል ሳለሁ፥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጸበል ጻዲቅ ለመቅመስ ወደ አዳራሹ ሲገባ፥ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ከበሩ አጠገብ ቆይቶ መስቀል ከተሳለመ በኋላ «አባቴ፥ ለኑዛዜ አይደለም፤ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አለኝ። ለኑዛዜ አለመሆኑን አስቀድሞ መናገሩን እዚህ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በንስሓ የተነገረ ቃል በመጽሔት ላይ አይወጣም፤ ይህ ግን በደጅ የተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ስሙ እስካልተጠራ ድረስ ለሌላው እንዲጠቅም ብጽፈው ፈቅዶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶበት ከዐሥር ቀን በኋላ በቀዶ ጥገና ሊወጣለት ቀጠሮ ተይዞለታል። ለዚሁም ዝግጅት ከክንዱ በአራት ብልቃጥ ደም ተቀድቶለታል። በሌሊት ተራ የሚሠራ ስለ ሆነ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቢ እያለው፥ ከሁለት ዓመት ወዲህ ማሪዋና የሚባለውን ዕፅ ከሥራ ሲመለስ ማጤስ ለምዷል። በዚያች ከተማ ሕዝቡ በ2014 በሰጠው ድምፅ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ጥቂት ዕፅ ይዞ ቢገኝ በከተማው ሕግ አይከሰስም፤ በአገሪቱ አጠቃላይ ሕግ ዘንድ ግን ዕፁ በነጻ የተለቀቀ አይደለም። ወጣቱ ስለ ሕጉ አልጠየቀኝም። ማጤሱ በደል ስለ መሆኑና ስላለመሆኑም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ከዚያ ከተቀዳው ደም ውስጥ ይህ ነገር ይታወቅብኝ ይሆን?» ብሎ ነው።

እኔ የሕክምና ሰው ስላልሆንሁ በዚያን ሰዓት መልስ አልሰጠሁትም፤ በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ ብቻ ነገርሁት። በዚያው አጥቢያ ብዙ ዘመን በላቦራቶሪ የሠሩ አንዲት እናት አሉና፥ የጠያቂውን ማንነት ሳልገልጥ ነገሩን እንዲያስረዱኝ ለመንኋቸው። ከእርሳቸው የሰማሁትን፥ በኋላም ከሐኪሞች ጠይቄ ያረጋገጥሁትን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ስለ ምግባር የሚነሣውን ጥያቄ የነገሩን ጠባይ ሳያውቁ ለመመለስ መቸኰል የእኛ የአስተማሪዎች የቈየ ድካም ነውና፥ አንባቢ በዚህ ጥቂት ይታገሠኝ።

ብዙ ሰው ደም ሲቀዳ፥ ላቦራቶሪው በደሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ተዘረጋ መጽሐፍ አንብቦ የሚያወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ላቦራቶሪ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ሐኪሙ በማዘዣው ወረቀት ላይ ይህ ይቈጠር፥ ይህም ይለካ ብሎ ይጽፋል፤ መሣሪያውም ያንኑ ቈጥሮና ለክቶ ይመልሳል፤ ቀሪው ደም ይጣላል። የብልቃጦቹ ክዳን ቀለም እንኳ የሚለያየው ስለዚህ ነው፤ ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለበት ለቈጠራ ይሆናል፤ ውሃ ሰማያዊ ክዳን ያለው ደግሞ ደም በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ለመለካት ነው። በተለመደው ምርመራ የቀዩ ደም ሕዋስ ቍጥርና ሄሞግሎቢን የሚባለው ይታያል፤ ይህም ደም ማነሱን ያሳውቃል። በሽታን የሚከላከለው ነጩ ሕዋስ ይቈጠራል። ስኳር፥ ሶዲየም፥ ፖታሲየም ይለካል። ኩላሊት ሥራውን መሥራቱ ክሬአቲኒን በሚባለው፥ ጉበትም እንደዚሁ በራሱ ምልክቶች ይመረመራል። ሐኪሙ ከፈለገ ኮሌስትሮልና የእንቅርት ዕጢ ቅመም ይጨመራል። ከእነዚህ ከተዘረዘሩት ውስጥ ማሪዋናን የሚፈልግ አንድ ስንኳ የለም። ትናንት ማታ ያጤሰውና ከተወለደ ጀምሮ ጢሱን ያልቀመሰው ሰው፥ ሁለቱ በዚህ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢታዩ አይለዩም። ይህ በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም በሌላውም አገር ያለው የላቦራቶሪ አሠራር ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ለጠየቀው አጭሩ መልስ «አይታወቅም» የሚል ነው። ይሁን እንጂ አይታወቅም ማለት በደሙ ውስጥ የለም ማለት አይደለም።

ዕፁ ሰውን የሚያሰክርበትን ዋናውን ንጥረ ነገር ራፋኤል ሜኩላምና የሐኤል ጋኦኒ የሚባሉ ሁለት የእስራኤል ሊቃውንት በ1964 ለይተው አወጡት፤ በአጭሩ ቲ ኤች ሲ ይባላል። ጢሱ ወደ ሳንባ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይህ ነገር በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጥቂት ሰዓትም ውስጥ ዝቅ ይላል። ወዴት ሄደ ቢሉ፥ ከውሃ ይልቅ ከስብ ጋር የሚስማማ ስለ ሆነ ወደ ሰውነት ስብ ገብቶ ይደበቃል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጉበትም ወደማያሰክር ዝቃጭ ይለውጠዋል፤ ዝቃጩም በሽንትና በዐይነ ምድር ይወገዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ያጤሰ ሰው ሽንቱ ቢመረመር ለሦስት ቀን ያህል ሊገኝበት ይችላል፤ በየቀኑ የሚያጤሰው ግን ትቶት ወር ከሞላው በኋላ እንኳ ሊገኝበት ይችላል። ከራስ ጠጉር ላይ እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊፈለግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ስሙ ተጽፎ፥ ለብቻው ተጠይቆ፥ ለዚሁ በተሠራ ምርመራ ነው። በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ቦታ ምርመራ፥ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 50 ናኖግራም ካልደረሰ በቀር «የለበትም» ይባላል፤ ናኖግራም ማለት አንድ ግራም ለአንድ ሺሕ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ከደረሰም የመጀመሪያው ምርመራ ሊሳሳት ስለሚችል በሌላ በረቀቀ መሣሪያ ይደገማል፤ በዚያም ልኩ 15 ናኖግራም ነው። ደግሞ ይህ ምርመራ ሰውዬው መቼ እንዳጤሰና በዚያች ሰዓት ሰክሮ እንደ ነበረ አይናገርም። ከሳምንት በፊት ሰክሮ ዛሬ አእምሮው የተመለሰለትንና አሁን የሰከረውን ሽንት አይለያቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በቅንፍ እንድጨምር ይፈቀድልኝ። በእኛ አገር አንዳንድ ሰው ማሪዋናን ዕፀ ፋሪስ ሲል እሰማለሁ፤ ዳሩ ግን በብዙ ስፍራ በዚህ ስም የሚጠራው አስተናግር የተባለው፥ ሰውን የሚያስለፈልፍ ሌላ መርዘኛ ዕፅ ነውና መለየት ይገባል። ሁለተኛም፥ ይህን ዕፅ ማጤስ ከውጭ አገር ትናንት የመጣ ነገር ነው የሚሉ አሉ። በቤጌምድር ላሊበላ ዋሻ ከሚባል ስፍራ (የላስታው ላሊበላ አይደለም) በቍፋሮ የወጡ የሸክላ ጋያዎች ተመርምረው፥ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ከተጤሰ ዕፅ የተረፈ ምልክት እንደ ተገኘባቸው በ1975 የታተመ ጥናት ይናገራል። ስድስት መቶ ዓመት ከአፈር በታች የተቀበረ ሸክላ ስለ ባለቤቱ ተናገረ ማለት ነው፤ ሸክላውም የተናገረው ይህንኑ ብለው ስለ ጠየቁት ነው።

ወጣቱ በሳምንቱ ሲመጣ የሰማሁትን ነገርሁት። ፊቱ ወዲያው በራ። «እንግዲያስ ዐረፍሁ» አለኝ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ከእርሱ ይልቅ ተጨነቅሁ፤ የሰጠሁት መልስ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውዬውን ወደ ክፉ መንገድ የሚመራው መስሎ ታየኝ። «ልጄ፥ ማደንዘዣ የሚሰጥህ ሐኪም ስለዚህ ነገር ጠይቆሃልን?» ብለው፥ «የተሞላው ወረቀት ላይ ትንባሆ ታጤሳለህን የሚል ነበር፤ አላጤስም ብዬ ሞላሁ፤ ስለዚህኛው የጠየቀኝ የለም፤ ካልጠየቁኝ ደግሞ አልዋሸሁም» አለ።

እነሆ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ዝም ቢል ዋሸ ይባላልን?

ዝምታ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ሰው የቤቱን ምሥጢር ለመንገደኛ አልተናገረም ተብሎ አይወቀስም። ጎረቤት በደጅ ቆሞ ቢጠይቅ፥ ባልንጀራ በወሬ መካከል ቢያነሣ፥ መልስ የመስጠት ዕዳ የለብንም፤ እንዲያውም ዝም ማለት የሚመሰገንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝምታ ሐሰት የሚሆነው፥ አንድ ሰው በእኛ ቃል ተደግፎ ሥራ እንደሚሠራ እያወቅን፥ ከእግሩ በታች ያለው መሬት ባዶ መሆኑን ሳንነግረው ስንቀር ነው። ድልድዩ መሰበሩን የሚያውቅ ሰው በቅሎ የሚነዳውን መንገደኛ ሰላምታ ሰጥቶ ቢያሳልፈው፥ «ስለ ድልድዩ አልጠየቀኝም» በማለቱ ከደም አይነጻም። ማደንዘዣ ሰጪው በበሽተኛው ቃል ላይ ተደግፎ የሚሻገር መንገደኛ ነው፤ ልዩነቱ፥ ድልድዩ ቢሰበር የሚወድቀው ራሱ ዝም ያለው ሰው መሆኑ ነው።

ይህንም ስል በግምት አይደለም። በአሜሪካ የአካባቢ ማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ፥ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው በሽተኛ ሁሉ ከቀዶ ጥገና በፊት ስለዚህ ዕፅ ይጠየቅ ይላል፤ ምን ዐይነት፥ ምን ያህል፥ በምን መንገድ፥ የመጨረሻውስ መቼ ነበር ተብሎ። ምክንያቱም ዘወትር የሚያጤስ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመሙ ሊበረታበትና የበለጠ ማስታገሻ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ባጤሰ በቅርብ ሰዓት ውስጥም የልብ ድካም አደጋ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የማይቸኵል ቀዶ ጥገና ከተጤሰ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራሉ። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ፥ ማኅበሩ አስቀድሞ «ጠይቁት» ማለቱ ነው። መሣሪያ በሞላበት አገር፥ የታመነው የበሽተኛው አፍ ነው።

ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት የሚወስዱትንም እንመልከት። እነርሱ ደማቸው በየጊዜው ይለካል። በዚሁ ላይ ማሪዋና ሲጨመር የመድኃኒቱ ኃይል ከልክ አልፎ ደም የፈሰሳቸው ሰዎች በሐኪሞች ጽሑፍ ተመዝግበው ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ የደሙ ወረቀት «ቀጥኗል» ይላል፤ ስለ ምን ቀጠነ ለሚለው ግን መልስ የለውም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ልክ ይቀንሳል፤ ሰውዬው ለጥቂት ሳምንት ማጤሱን ሲተው ደግሞ ደሙ ይረጋበታል። ሁለቱም ሞት የሚያመጡ ናቸው፤ ሐኪሙም በሁለቱ መካከል ጨለማ ውስጥ ይዳክራል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን በ2004 በአውስትራልያ የሚገኙ ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጠው የጻፉት ሕመም ነው። ብዙ ዓመት ሳያቋርጥ ያጤሰ ሰው አንዳንድ ጊዜ የማያባራ ትውከት ይይዘዋል። በሆዱ ሕመም ይጐብጣል፤ የበላው ሁሉ ይመለሳል፤ ፋታ የሚያገኘው በጣም በሞቀ ውሃ ሲታጠብ ብቻ ስለ ሆነ ቀኑን በመታጠቢያ ቤት ያሳልፋል። ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ደሙ ይቀዳል፤ ውሃ ከሰውነቱ ማለቁ፥ ፖታሲየም መቀነሱ፥ አንዳንድ ጊዜም ኩላሊቱ መጐዳቱ ይታያል። በክንዱ ፈሳሽ ይሰጡታል፤ ይሻለዋል፤ ይመለሳል፤ ያጤሳል፤ ደግሞ ይወድቃል። መሣሪያ በአፉ ይገባል፥ ራጅ ይነሣል፥ ምንም አይገኝም። ዕፁ በሌላ በሽተኛ ዘንድ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሆኖ ስለሚታወቅ፥ ሕመምተኛው ራሱ «ይህስ ያስታግሰኛል» ብሎ ይጨምርበታል። ፈውሱ አንድ ብቻ ነው፤ መተው። ያን ለመንገር ግን ሐኪሙ መንሥኤውን ማወቅ አለበት፤ መንሥኤውም ያለው በሕመምተኛው ከንፈር ላይ ነው። በዚህ ሰው ላይ የወጣው ገንዘብ፥ የባከነው ዓመት፥ የደረሰውም ሥቃይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ባለመነገሯ የመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማየው አንድ የተገለበጠ ነገር አለ። አዳም ከዛፎቹ መካከል በተሸሸገ ጊዜ ወዴት እንዳለ የጠየቀው አምላክ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም፤ አዳም ራሱ እንዲናገር ፈልጎ ነው እንጂ። ሐኪም ግን ሲጠይቅ በእውነት ስለማያውቅ ነው። እኛ ደግሞ ሐኪሙን ከአንድ ጠብታ ደም ሁሉን የሚያይ አድርገን እንፈራዋለን፤ ሁሉን የሚያየውን ግን ካልነገርነው እንደማያውቅ ሰው እንቈጥረዋለን። ወጣቱ በመጀመሪያው እሑድ የፈራው ብልቃጡን ነበር።

አሁን ግን ስለ ፈሪው አንድ ቃል ልናገርለት ይገባኛል፤ የሚፈራ ሁሉ ግብዝ ነው ብዬ ብፈርድ ሐሰተኛ እሆናለሁና። ፍርሃቱ ከንቱ ያልሆነበት ጊዜ አለ። በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርለስተን ከተማ አንድ የሕዝብ ሐኪም ቤት ከ1989 ጀምሮ፥ ለወሊድ ክትትል የሚመጡትን ሴቶች ሽንት ኮኬይን ለሚባለው ዕፅ ሳያስፈቅድ እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ያስረክብ ነበር፤ ሴቶችም ተይዘው ታሰሩ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በ2001 ፍርድ ቤቱ ያለ ፈቃድ የተደረገ እንዲህ ያለ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ፍተሻ ነው ሲል ፈረደ። ፈረደ እንጂ፥ ያን ጊዜ የታሠረችይቱ እናት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ወደ ሐኪም ለመሄድ እግሯ ይታዘዛልን? ሐኪም ወጥመድ ከሆነ በሽተኛው ወፍ ይሆናል፤ ወፍም ይሸሻል። በሽተኛን ሳይነግሩት ሊያጋልጡት የሚመረምሩ ሰዎች ከአንዱ በሽተኛ ያገኙትን እውነት ከሺሑ ያጠፉታል ብዬ እፈርዳለሁ። ከጥንት ከግሪኩ ከሂፖክራጥስ ጀምሮ ለሐኪሞች መሐላ ምሥጢር መጠበቅ የተጨመረበት ለጌጥ አይደለም።

ለስደተኛው ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። በ2019 የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ፥ ማሪዋና በክፍለ ግዛቱ ሕግ ቢፈቀድም እንኳ፥ መጠቀሙ ለዜግነት የሚፈለገውን የመልካም ጠባይ ምስክርነት ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጧል። ጎረቤቱ በአደባባይ ገዝቶ የሚያጤሰውን ስደተኛው ቢያጤስ ወረቀቱ ይቀርበታል። ይህን የሰማ ልጃችን በሐኪም ፊት አፉ ቢተሳሰር አይደንቀኝም። ሐኪም ከኢሚግሬሽን መኰንን የተለየ መሆኑን፥ በሕክምና መዝገብ የሚጻፈውም ነገር በ1996 በወጣ ሕግ የሚጠበቅ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሐኪሙም በበኩሉ ከመጠየቁ በፊት ስለ ምን እንደሚጠይቅ ቢናገር፥ በእኔ አስተያየት የጥያቄው ግማሽ መልስ ያን ጊዜ ይገኛል። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ዕፁ የተከለከለ ነውና፥ ለእኛ ሐኪሞችም ይህ ምክር ይሠራል።

ፍርሃት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ያው ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል። የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ምእመን በሌላ ጊዜ «በሽንት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ ጠይቆኛል። በ1991 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከባድ መኪና የሚነዱት በሽንት ምርመራ እንዲፈተኑ ያዛል፤ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህም የወደቀው ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ይጻፋል። ይህ ሰው የፈለገው መተውን አልነበረም፤ የቀን ቍጥር ነበር። አንዳንዶች ከምርመራው በፊት ብዙ ውሃ ይጠጣሉ፤ ላቦራቶሪውም ይህን ስለሚያውቅ ሽንቱ መቅጠን አለመቅጠኑን በክሬአቲኒን ይለካዋል። ለዚህ ሰው የቀኑን ቍጥር አልነገርሁትም። ዐሥራ ስምንት ጎማ ባለው መኪና ፊት ለፊት ልጆቿን ይዛ የምትነዳ እናት ቍጥሩን ማወቁ ምን ይጠቅማታል? በሐኪም ፊት ዝም የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጐዳል፤ ይህ ግን በማያውቁት ሰዎች ነፍስ ላይ ዕጣ ይጥላል። ልቤ ለመጀመሪያው ይራራል፤ ለሁለተኛው ግን እንደዚያ አልራራሁም፤ ምናልባት በዚህ ተሳስቼ ይሆናል፤ እርሱም የሚመግባቸው አራት ልጆች አሉትና።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ከጻፍሁ ስለ ራሴ አለመጻፍ አይገባኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስኳር በሽታ ተገኝቶብኝ፥ ስኳር የሚቀንስ ክኒን ከምግብ ጋር እንድወስድ ታዝዞልኝ ነበር። ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። ለሕመምተኛ የተፈቀደውን ለሌላው ስመክር የኖርሁ ሰው፥ ለራሴ ሲሆን ማፈር ያዘኝና ክኒኑን ጧት በውሃ እየዋጥሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር። ሐኪሙ «አባ፥ ምግብዎን በደንብ ይመገባሉ?» ሲለኝ «ይመስገን፥ እመገባለሁ» አልሁት። አልዋሸሁም፤ ማታ በደንብ እመገብ ነበርና። የሦስት ወር ስኳር የሚለካው ምርመራ ተደረገ፤ ወረቀቱ መልካም ነው አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ዐይኔ ጨለመ፤ ጸናጽሉ ከእጄ ወደቀ፥ እኔም ተከተልሁት። አንድ ዲያቆን ፈጥኖ የስኳር ውሃ ባያጠጣኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የደሜ ወረቀት ስለ ስኳሬ እውነቱን ተናግሯል፤ መጾሜን ግን ማን ጠየቀው? እኔ የደበቅሁት መልካም የሚባል ነገር ነው፤ ወጣቱ የደበቀው የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ማደንዘዣ ሰጪው ፊት ሲቀርቡ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

ይህንኑ ታሪኬን ለወጣቱ ነገርሁት። ሌላ ምክር ያገኝ እንደ ሆነ ዐይኔን ይመለከት ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ አልጨመርሁም፤ ስለ ማጤሱ የምንነጋገርበት ሌላ ቀን እንዳለን ብቻ ተስማማን። በእውነቱ ስለ ማጤሱ በዚያ ቀን ብገሥጸው ኖሮ፥ ለሐኪሙ እንዲናገር ሳይሆን ከእኔም እንዲደበቅ ባስተማርሁት ነበር። ብዙዎቻችን ካህናት የምንስትበት ስፍራ ይህ ይመስለኛል፤ ገና አፉን ሊከፍት የቃጣውን ሰው በተግሣጽ እንዘጋዋለንና።

ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ከአንድ ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። በዚያን ቀን ጧት ማደንዘዣ የምትሰጠው ሐኪም አልጋው አጠገብ ስትመጣ፥ ሳትጠይቀው «በወረቀቱ ላይ ያልጻፍሁት ነገር አለ» ብሎ ነገራት። እርሷም ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጤስና የመጨረሻው መቼ እንደ ነበር ጠየቀችው፤ ከአራት ቀን በፊት መሆኑን ነገራት፤ ጻፈችው፤ ከነቃ በኋላ ሕመሙ ከበረታበት ቶሎ እንዲናገር አዘዘችው። ፊቷ አልተለወጠም አለኝ። ሲነቃ በእርግጥ ሕመሙ በርትቶበት ነበር፤ ነርሷ ግን አስቀድማ ስለ ተነገራት ማስታገሻውን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር። ያ በአራቱ ብልቃጥ የተቀዳው ደም ውጤትም በእጁ ተሰጥቶታል፤ ሁለት ገጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንብቦት ስለዚያ ነገር የተጻፈ አንድ ቃል አላገኘበትም።